የቤት ገበያ ሲቀዘቅዝ ቤት ማሠራት፦ ምን ይረክሳል? ምን አይረክስም?

የቤት ገበያ ቀዘቀዘ የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር ሁለት ተቃራኒ ምክሮች አብረው ይነሣሉ። አንዱ «ጊዜው አሁን ነው፤ ሁሉም ነገር ረክሷል፤ ቶሎ ጀምር» ይላል። ሌላው ደግሞ «ዋጋ እየወረደ ገንዘብህን መሬት ውስጥ አትቅበር» ብሎ ያስፈራራል። ሁለቱም የሚዘነጉት ነገር ቤት መግዛትና ቤት ማሠራት የተለያዩ ውሳኔዎች መሆናቸውን ነው። የሚገዛ ሰው ያለቀ ቤት በዕለቱ ዋጋ ይረከባል። የሚያሠራ ሰው ግን መሬት፣ ቁሳቁስ፣ ጉልበትና ብድር ለየብቻ፣ በተለያየ ጊዜ ይገዛል። ገበያው ሲቀዘቅዝ እነዚህ አራቱ እኩል አይረክሱም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ይወደዳል።

አብዛኛው ቤተሰብ ወደዚህ ወጪ የሚገባው በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው። ተሳስቶ የሚማርበት ሁለተኛ ዕድል ስለማያገኝ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አስቀድሞ ማወቁ ትልቅ ጥቅም አለው።

«ገበያው ቀዘቀዘ» ሲባል በትክክል ምን ሆነ ማለት ነው?

ቃሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊገልጽ ይችላል። የሚሸጡ ቤቶች ቁጥር ቀንሷል ማለት ሊሆን ይችላል። የቤት ዋጋ ወርዷል ማለት ሊሆን ይችላል። አዲስ የሚጀመሩ ግንባታዎች ቀንሰዋል ማለትም ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ዝምድና ቢኖራቸውም እኩል አይራመዱም።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወድቀው የሽያጭ ቁጥር ነው። ባለቤቶች ከገዙበት ዋጋ በታች መሸጥ ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ መጠበቅን ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በተሸጡ የጋራ ሕንፃ መኖሪያዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፦ ከገዙበት ዋጋ በታች ሊሸጡ የተቃረቡ ባለቤቶች ከሌሎቹ ከፍ ያለ ዋጋ ይጠይቁ ነበር፤ ቤታቸውም ሳይሸጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይ ነበር።

ስለዚህ ገበያ ቀዝቅዞ ዋጋ ላይወርድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የነባር ቤቶች ሽያጭ ወደ 4.1 ሚሊዮን ገደማ ወርዶ ከ1995 ወዲህ ዝቅተኛው ሆኖ ተመዝግቧል። ዋጋው ግን በአገር ደረጃ አልወደቀም። ቀደም ሲል በአነስተኛ ወለድ የተበደሩ ባለቤቶች ያንን ብድር ላለማጣት ከመሸጥ ስለተቆጠቡ፣ ገዢም ሻጭም አብረው ቀነሱ። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 በዚያው አገር ዋጋው ከሩብ በላይ ወርዷል። በአየርላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ከግማሽ በላይ ወርዷል።

ግሽበት ባለበት አገር ሌላም ነገር መታየት አለበት። የቤት ዋጋ በቁጥር ሳይቀንስ፣ የሌላው ዕቃ ዋጋ ሁሉ 20 በመቶ ቢጨምር፣ ቤቱ በእርግጥ ረክሷል፤ መርከሱ ግን በዋጋ ዝርዝር ላይ አይታይም። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ገንዘብ ይዞ መጠበቅ ራሱ ኪሳራ ስላለው፣ ከዚህ በታች የሚቀርበው ስሌት ሁሉ በዚያ መጠን ይለወጣል።

የቤት ዋጋ ሲወርድ የግንባታ ወጪ ለምን አብሮ አይወርድም?

ሲሚንቶ፣ ብረት፣ መስታወትና የኤሌክትሪክ ገመድ ለመኖሪያ ቤት ብቻ አይመረቱም። መንገድ፣ ድልድይ፣ ፋብሪካና የቢሮ ሕንፃ ሁሉ ይሻሟቸዋል። ብዙዎቹም ዋጋቸው የሚወሰነው በነዳጅ፣ በማጓጓዣና በውጭ ምንዛሪ ነው። በአንድ ከተማ የቤት ገዢ ስለጠፋ ብረት አይረክስም። ዋጋቸው ሲዋዥቅም በራሱ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 በአሜሪካ ገበያ የግንባታ እንጨት ዋጋ በ2020 መጀመሪያ ከነበረው ከሦስት እጥፍ በላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያም በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ወደቀ። በዚያ ግንቦት ቤቱን የጀመረ ሰውና ጥቂት ወራት የጠበቀ ሰው፣ ለአንድ ዓይነት ጣሪያ እጅግ የተራራቀ ዋጋ ከፍለዋል።

ጉልበትም እንደዚሁ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ግንበኛው፣ አናጺውና ቧንቧ ሠራተኛው ለጊዜው በአነስተኛ ዋጋ ለመሥራት ሊስማሙ ይችላሉ። ቅዝቃዜው ከረዘመ ግን ሙያውን ይተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ከ2 ሚሊዮን በላይ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ተጀምሮ ነበር። በ2009 ቁጥሩ ወደ 550 ሺህ ገደማ ወረደ፤ የግንባታው ዘርፍም በእነዚያ ዓመታት ከ2 ሚሊዮን በላይ የሥራ ቦታዎችን አጣ። ከሄዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም። ገበያው ሲያንሠራራ ባለሙያ ጠፍቶ የጉልበት ዋጋ የናረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ የምንረዳው የጉልበት ርካሽነት በቅዝቃዜው መጀመሪያና መካከል የሚገኝ፣ ሲረዝም ደግሞ የሚጠፋ መሆኑን ነው። በጊዜው የሚገኘው ትልቁ ጥቅም እንዲያውም ዋጋ አይመስለኝም። ጥሩ ሥራ ተቋራጭ በሞቀ ገበያ ስልክ እንኳ አያነሣም፤ በቀዘቀዘ ገበያ ግን ራሱ መጥቶ ቦታውን ያያል፣ ፕላኑን ያነባል፣ የበሰሉ ሠራተኞቹን ይመድባል። ይህ በጥራት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከጥቂት በመቶ ቅናሽ ይበልጣል።

ታዲያ በእርግጥ የሚረክሰው ምንድን ነው?

መሬት ነው። ምክንያቱ በሒሳብ በቀላሉ ይታያል።

አንድ ያለቀ ቤት ከነመሬቱ 100 ያወጣል እንበል። ቤቱን ለመሥራት 70 ይፈጃል። እንግዲህ ለመሬቱ አንድ ሰው ሊከፍል የሚችለው ቢበዛ 30 ነው። አሁን የቤት ዋጋ በ15 ወርዶ 85 ሆነ። የግንባታ ወጪው 70 ላይ እንዳለ ነው። ለመሬቱ የሚተርፈው 15 ብቻ ነው። የቤቱ ዋጋ በ15 በመቶ ሲወርድ የመሬቱ ዋጋ በግማሽ ወረደ ማለት ነው።

ደመወዙ ሲቀነስበት የቤት ኪራዩ ያልተቀነሰለትን ሰው አስቡ። ጉድለቱ በሙሉ የሚያርፈው ከኪራይ በኋላ በሚተርፈው ገንዘብ ላይ ነው። በቤት ዋጋ ውስጥም ግንባታው ኪራዩ፣ መሬቱ ተራፊው ነው።

ይህ ለቤት አሠሪ ሁለት ትርጉም አለው። መሬት ገና ያልገዛ ሰው፣ በቅዝቃዜ ጊዜ እውነተኛ ቅናሽ ሊያገኝ የሚችለው እዚህ ላይ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ከመከራከር መሬት ላይ መደራደር ይሻለዋል። ችግሩ የመሬት ባለቤቶች የመሸጥ ግዴታ ብዙም ስለሌለባቸው ቶሎ አለመቀነሳቸው ነው። ቅናሽ የሚገኘው ዕዳ ካለበት፣ ውርስ ከሚካፈል ወይም ሥራ ካቆመ አልሚ ነው። መሬቱን በሞቀ ገበያ የገዛ ሰው ደግሞ ያ ኪሳራ ቢሠራም ባይሠራም ደርሶበታል። «ለመሬቱ ያን ያህል ከፍዬ እንዴት እተወዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ወደ ግንባታ ሊገፋው አይገባም። መመዘን ያለበት ከዛሬ ጀምሮ የሚወጣው ገንዘብና የሚገኘው ቤት ብቻ ነው።

ከማሠራት ያለቀ ቤት መግዛት አይሻልም?

በቀዘቀዘ ገበያ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ማሠራት ሁልጊዜ ይረክሳል ብሎ ያምናል። ከላይ ባለው ምሳሌ መሬቱን በ30 የገዛ ሰው በ70 ሠርቶ 100 ያወጣበት ቤት፣ በገበያው 85 ብቻ ነው። ከጎኑ ያለው ያለቀ ቤት በ85 ይሸጣል። በተጨማሪ ያለቀው ቤት ግድግዳው፣ ጣሪያውና ቧንቧው ዛሬ ይታያል፤ ዛሬም ይገባበታል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ስሌት ይህ ነው፦ በምትፈልጉት አካባቢ፣ የምትፈልጉትን የሚመስል ያለቀ ቤት ስንት ይሸጣል? ጥያቄው የሻጩ የመጀመሪያ ዋጋ ሳይሆን በቅርብ ወራት በእርግጥ የተሸጠበት ዋጋ ነው። ከዚያ የመሬቱን የዛሬ ዋጋ፣ የግንባታውን ወጪ፣ የፕላንና የፈቃድ ክፍያን፣ የውኃና የመብራት ማስገቢያን፣ እስኪያልቅ የሚከፈለውን ኪራይና የብድር ወለድ ደምሩ። በድምሩ ላይ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩበት። ኪራዩንና ወለዱን ሰዎች ደጋግመው ይረሷቸዋል፤ ግንባታው አንድ ዓመት ከተጓተተ ደግሞ እነሱ ናቸው የሚያሰምጡት።

ልዩነቱ ጥቂት ከሆነና ቤቱን በራሳችሁ ፍላጎት ልክ ማሠራት ትልቅ ትርጉም ካለው፣ ለምሳሌ የአካል ጉዳት ያለበት የቤተሰብ አባል ካለ ወይም የሚሸጠው ቤት ሁሉ ለኑሯችሁ የማይመች ከሆነ፣ ማሠራት ምክንያታዊ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ግን ገበያው ራሱ «አሁን አትሥሩ፤ የተሠራውን ውሰዱ» እያለ ነው።

ባንኩ ነገሩን እንዴት ያየዋል?

የግንባታ ብድር ከተራ የቤት ብድር ይለያል። ባንኩ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አይሰጥም። መሠረቱ ሲያልቅ፣ ግድግዳው ሲቆም፣ ጣሪያው ሲለብስ እያለ፣ በየደረጃው ባለሙያ ልኮ አረጋግጦ ይለቃል። በብዙ ቦታ እስኪያልቅ ድረስ የሚከፈለው ወለድ በተለቀቀው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። ሲያልቅ ወደ ረጅም ጊዜ ብድር ይዞራል።

የብድሩ መጠን በብዙ ቦታ የሚወሰነው ቤቱ ሲያልቅ ያወጣል ተብሎ በሚገመተው ዋጋ ነው። ቤቱ የሚፈጀው ወጪ ብቻውን ለባንኩ መለኪያ አይደለም። በቀዘቀዘ ገበያ የጎረቤት ቤቶች በርካሽ ስለሚሸጡ የባንኩ ግምት ይወርዳል። ወጪው 100፣ ግምቱ 85 ከሆነና ባንኩ የግምቱን 80 በመቶ የሚያበድር ከሆነ፣ የሚገኘው ብድር 68 ነው። ቀሪው 32 ከኪስ ይወጣል። ግምቱ 100 ቢሆን ኖሮ ከኪስ የሚወጣው 20 ብቻ ነበር። ብዙ ሰው ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነውና፣ ግምቱ በጽሑፍ ሳይታወቅ ቁፋሮ መጀመር አይገባም።

ወለድም አለ። ገበያውን ያቀዘቀዘው ከፍተኛ ወለድ ከሆነ፣ የቤት መርከስ ለተበዳሪ ላይታየው ይችላል። 1 ሚሊዮን በ30 ዓመት የሚከፈል ብድር በ3 በመቶ ወለድ ወርኃዊ ክፍያው 4,216 ገደማ ነው። በ7 በመቶ 6,653 ይሆናል። ያንኑ 4,216 እየከፈለ በ7 በመቶ የሚበደር ሰው የሚያገኘው 634 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። የቤት ዋጋ ከሦስት እጁ ከአንዱ በላይ ካልወረደ በቀር ወርኃዊ ሸክሙ አልቀለለም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2023 በአሜሪካ የ30 ዓመት ብድር ወለድ ከ2.65 በመቶ ወደ 7.79 በመቶ ሲወጣ የሆነው እንዲህ ያለ ነገር ነው። በጥሬ ገንዘብ ለሚሠራ ሰው ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ በቀዘቀዘ ገበያ ብርቱው ተደራዳሪ እሱ የሆነውም ለዚህ ነው።

ሥራ ተቋራጩ መሃል ላይ ቢጠፋስ?

በቀዘቀዘ ገበያ ቤት የሚያሠራ ሰው ከዋጋ መውረድ ይልቅ ይህን ሊፈራ ይገባል። ዋጋ የወረደበት ቤት ይኖሩበታል፤ ግማሽ የቆመ ቤት ግን አይኖሩበትም፣ ማንም በወጣበት ዋጋ አይገዛውም፣ ባንክም በመያዣነት አይወደውም።

ሥራ ሲጠፋ ተቋራጮች ሠራተኞቻቸውን ላለመበተንና የድሮ ዕዳቸውን ለመክፈል ከወጪያቸው በታች ዋጋ ይሰጣሉ። ቅድመ ክፍያችሁ የሌላ ሰው ቤት ጣሪያ ይሆናል። ሰንሰለቱ በአንድ ቦታ ሲበጠስ ሁሉም ይቆማል። ከቻይና ትልልቅ የቤት አልሚ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ኤቨርግራንድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው፣ ቤታቸውን አስቀድመው የከፈሉ ሰዎች ሳይረከቡ ቀሩ፤ በሐምሌ 2022 በብዙ ከተሞች ያሉ ገዢዎች ላልተሠራ ቤት የባንክ ዕዳ አንከፍልም ብለው ተነሡ። በአየርላንድም እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገ ቆጠራ ከ2,800 በላይ ያላለቁ የመኖሪያ መንደሮች ተገኝተዋል።

አንድ ቤት ለሚያሠራ ሰው ጥበቃው ያለው በክፍያ ሰንጠረዡ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚፈርመውን ዓይነት ውል ጠጋ ብለን እንየው፦ ከጠቅላላው ዋጋ ሲፈረም 30 በመቶ፣ መሠረት ሲያልቅ 25፣ ግድግዳ ሲቆም 25፣ ጣሪያ ሲለብስ 15፣ ቁልፍ ሲያስረክብ 5። ለዓይን ምንም ችግር የለበትም። ነገር ግን ጣሪያ የለበሰ ቤት ገና ግማሽ ገደማ ነው። መብራት፣ ቧንቧ፣ ልስን፣ ወለል፣ በርና መስኮት፣ የወጥ ቤትና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ፣ ቀለም ይቀራሉ፤ እነዚህ ተደምረው የወጪውን ግማሽ ያህል ሊወስዱ ይችላሉ። በዚህ ውል ጣሪያው ሲለብስ 95 ተከፍሏል። ተቋራጩ 45 ያህል ሥራ የሚቀረው ለ5 ነው። ሐቀኛ ሰው እንኳ ቢሆን፣ ችግር ከያዘው በሥራው ላይ የሚያቆየው ገንዘብ የለም።

የሚሻለው ክፍያ ከተሠራው ሥራ የማይቀድምበት ውል ነው። ቅድመ ክፍያው ትንሽ ይሁን፤ ብዙ ከተጠየቀ የባንክ ወይም የኢንሹራንስ ዋስትና ይቅረብበት። ከእያንዳንዱ ክፍያ ከ5 እስከ 10 በመቶ ተይዞ ይቆይ፤ የሚለቀቀውም ጉድለቶች ከታረሙ በኋላ ይሁን። እያንዳንዱን ደረጃ ከተቋራጩ ጋር ጥቅም የሌለው መሐንዲስ አይቶ ይፈርም። ተቋራጩ ለዕቃ አቅራቢዎችና ለንዑስ ተቋራጮች መክፈሉን የሚያሳይ ደረሰኝ ጠይቁ፤ በአንዳንድ አገሮች ያልተከፈለ አቅራቢ በቤቱ ላይ የዕዳ መብት ሊያስመዘግብ ይችላልና፣ ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ እንዳትከፍሉ። ከሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ያቀረበውን ከመምረጥ በፊት፣ ከሌሎቹ ለምን እንደራቀ በሥራ ዝርዝሩ ላይ መስመር በመስመር ያስረዳችሁ።

ዋጋው ገና የሚወርድ ከሆነ መጠበቅ አይሻልም?

የገበያ ወለል የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። በጃፓን የመሬት ዋጋ እ.ኤ.አ. በ1991 ገደማ ጫፍ ላይ ከደረሰ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ወርዷል፤ በየዓመቱ «አሁንስ በቃ» ያለ ሰው በየዓመቱ ተሳስቷል። በአሜሪካ ደግሞ በ2006 የነበረው የዋጋ ጫፍ በአገር ደረጃ የተመለሰው በ2016 ነው፤ ያውም ግሽበቱ ሳይቆጠር። ስለዚህ ወለሉን ለመገመት ከመድከም ይልቅ፣ በዚያ ቤት ስንት ዓመት እንደምትኖሩ መጠየቁ ይበልጥ ይጠቅማል። በሦስት ወይም በአራት ዓመት ውስጥ ሥራ ወይም ቤተሰብ ሊያዛውረው የሚችል ሰው በቀዘቀዘ ገበያ ቤት ባያሠራ ይመረጣል። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ለሚኖርበት ሰው ግን የመካከሉ መውጣትና መውረድ ቤቱን እንዲሸጥ ካላስገደደው በቀር ብዙም አይነካውም።

የሚያስገድደው ደግሞ የገቢ መቋረጥ ነው። የቤት ገበያ ብቻውን የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥራም አብሮ ይቀዘቅዛል። ገቢው ከግንባታ፣ ከባንክ ወይም ከንብረት ሽያጭ የሚመጣ ሰው የቤቱ መርከስና የደመወዙ መቋረጥ በአንድ ወቅት ሊደርሱበት ይችላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ከሌላው የበለጠ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መግባት አለበት።

ገንዘቡ ለሙሉው ባይበቃ፣ በደረጃ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ ማቆሚያው የት እንደሆነ አስቀድሞ ከታቀደ። የተሳሳተ ማቆሚያ አለ። ፌሮው ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የቀረ ኮለን ለዓመታት ዝናብ ሲመታው ይዝጋል፤ ያልተሸፈነ የብሎኬት ግድግዳ ውኃ ይጠጣል፤ ክፍት የቀረ መሠረት በጎርፍ ይሸረሸራል። በሚቀጥለው ዓመት የሚከፈለው የመጠገኛውንም ጭምር ነው።

ደህናው አካሄድ ትንሽ ግን የተዘጋ ነው። ሙሉው ቤት በፕላን ላይ ይነደፋል፤ መሠረቱም ወደፊት የሚጨመረውን ክፍል ወይም ፎቅ እንዲችል ተደርጎ ይሰላል፤ በአሁኑ ዙር ግን ጣሪያ ለብሶ፣ በርና መስኮት ገጥሞ፣ መብራትና ውኃ ገብቶለት ሊኖርበት የሚችል አንድ ክፍል ብቻ ይጨረሳል። የውኃና የፍሳሽ ቧንቧዎች ወደፊት ወደሚሠራው በኩል ተዘርግተው ይታሸጋሉ፤ አለበለዚያ ያለቀ ወለል ማፍረስ ይመጣል። የግንባታ ፈቃድ በብዙ ቦታ የጊዜ ገደብ ስላለው፣ ሁለተኛው ዙር በዚያው ፈቃድ ይቀጥል ወይስ አዲስ ያስፈልገው እንደሆነ ከመጀመሪያው ቁፋሮ በፊት ከሰጪው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።